ሊድያ ያላለችው

ፅዮናዊት መጽሐፉን ወረወረችው። መሬት ሳይነካ ግን ዘላ ቀለበችው፤ የሰው ንብረት ነው።

«ጠፋ! እማ፣ ጠፋ እኮ!»

«ምኑ?» አለች እናቷ የውብዳር፣ ከሱቁ ጓዳ ሰሌን ላይ ጋደም እንዳለች፣ ዐይኗን ሳትገልጥ። «ሚዛኑ?»

«ዮሳዲቅ!»

«የማን ልጅ ነው ደግሞ እሱ?»

«የመጽሐፉ ሰውዬ ነዋ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው! ባለፈው ምዕራፍ ‹ያለ አንቺ መተንፈስ አልችልም› ሲላት አልነበረም? ይኸው ስልኩ ዝግ፣ በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ጨለማ! ታዲያ አሁን በምን እየተነፈሰ ነው?»

«አንቺም አፍሽን ዝጊና ሰው ይተኛበት።»

ከቀትር በኋላ ነበር። ጫቱ ከገባ ቆየት ስላለ የጅቡቲ ካርቲየ 3 ሠፈር በሙሉ ወይ ተኝቷል ወይ ጉንጩን ወጥሮ ተቀምጧል። በዚህ ሰዓት በርበሬና ሽሮ የሚገዛ ሰው የለም። ፍየሎቹ እንኳ ከቆመ መኪና ሥር ገብተው ተጋድመዋል። በመንደሩ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ የጣራው ማራገቢያና የፅዮናዊት ምላስ።

መጽሐፉ «ሦስተኛ ፎቅ» ይባላል። ሊድያ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ከኮንዶሚኒየም ጎረቤቷ ጋር የያዛትን ፍቅር ራሷ «እኔ» እያለች የምታወራበት ልብ ወለድ ነው። ፅዮናዊት እንዲህ ያለ ነገር አንብባ አታውቅም። ቅድመ አያቷ ጅቡቲ የመጡት ከባቡሩ ጋር ነው፤ ባቡሩ ቆመ፣ አሮጌው ጣቢያም ተዘጋ፣ ቤተሰቡ ግን ቀረ። ትምህርቷ በፈረንሳይኛ፣ ጨዋታዋ በሶማሊኛ ነው፤ የአማርኛ ፊደል የቆጠረችው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በፊት አማርኛ ስታነብ ጠጠር ላይ በባዶ እግሩ የሚራመድ ሰው ትመስል ነበር። ዮሳዲቅ ከመጣ ወዲህ ግን ትሮጣለች።

ያልተዋጠላት ነገር የለም ማለት አይደለም። ለምሳሌ የጃኬቱ ነገር። ዮሳዲቅ በዝናብ መሐል ጃኬቱን አውልቆ ሊድያ ትከሻ ላይ ጣል ሲያደርግላት፣ ሊድያ ልቧ ቀለጠ ይላል መጽሐፉ። ፅዮናዊት ይሄን ስታነብ ቆም ብላ አሰበች። እዚህ አገር፣ በዚህ ግንቦት፣ አንድ ወንድ ትከሻዋ ላይ ጃኬት ቢጥልባት የሚቀልጠው ልቧ ብቻ አይደለም። «ሊገድለኝ ነው ብዬ ፖሊስ ነበር የምጠራው» አለች ለራሷ። ያም ሆኖ ያንን ገጽ ደግማ ደጋግማ አነበበችው።

የመጽሐፉ ባለቤት ትርሲት ናት። ትርሲት ባሕሩ አጠገብ ከፈረንጆች ቤት እያደረች የምትሠራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። መጽሐፉን ያመጣላት እንድሪያስ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የካሚዮን ሹፌር። ስጦታ ነው ብሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት። እሷም ደስታዋን እንደያዘች ወደ ፅዮናዊት ይዛው መጣች።

«ማዳም ቤት መጽሐፍ ይዤ አልቀመጥ። ሥራ ስጨርስ ደግሞ ገጽ ሳልገልጥ እንቅልፍ እኔን ይገለብጠኛል» አለቻት። «እጄ ነው እንጂ ሥራ የያዘው ጆሮዬ ቦዘኔ ነው። አንቺ አንብቢልኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ከተማው ሲተኛ ፅዮናዊት ስልኳን ከፍታ በድምፅ ታነባለች፤ «የዓርብ እህቶች» ወደሚባለው የዋትስአፕ ቡድን ትልካለች። ዓርብ ዓርብ ብቻ እረፍት ያላቸው የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው እህቶቹ። አንዷ ካልሲ እያጠፈች፣ አንዷ ዓሣ እየጠረገች፣ ማዳሞቻቸው ሳያዩ አንድ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይሰማሉ። ፅዮናዊት ደግሞ ዝም ብላ የምታነብ ልጅ አይደለችም። ትስቃለች፣ ትራገማለች፣ ሊድያን ትመክራለች።

ዛሬ ግን ነገሩ ከመጽሐፍ አልፎ ነበር። ምክንያቱም የትርሲት እንድሪያስም እንደ ዮሳዲቅ ጠፍቶ ነበር፤ ያውም ጾሙን ሙሉ። ሁዳዴ ሲገባ ደውሎ «መልካም ጾም» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። ትንሣኤ አልፎ ከሰነበተ በኋላ ፈገግ ብሎ ከተፍ አለ። ያም ሳያንስ ጥያቄ ይዞ መጣ።

«እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገሪኝ» አላት። «ጭኜ ስወጣ የማልፈው በኮምቦልቻ ነው። እሺ ካልሽኝ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ። እንቢ ካልሽም ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

ነገ ዓርብ ነው። ትርሲት ደግሞ እሺም እንቢም አላለችም።

ፅዮናዊት ጉሮሮዋን ጠረገችና የስልኩን ቁልፍ ተጫነች።

«‹ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቀና ብዬ ባይ መስኮቱ ጨለማ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።›» እዚህ ላይ ደሟ ፈላ፤ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ቀጠለች። «እኔ እኮ እንዲህ ያለው ወንድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ! ቻርጅ የማይዝ ስልክ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ሰክተሽው ብታድሪ ጠዋት አንዴ ‹ሃሎ› ብሎ ድርግም ነው። እንዲህ ያለውን ባሕር ነው መወርወር! ከፈለገ ዓሣ ይደውልለት!» ደግሞ ወደ ገጹ ተመለሰች። «‹እንባዬን ጠርጌ ተነሳሁ። ከእንግዲህ የማንንም መስኮት ቀና ብዬ አላይም አልኩ።›»

ላከችው። ወዲያው ሳቁ ዘነበ። «ዓሣ ይደውልለት! ሃሃሃ!» አለች ዓለምነሽ፣ ዋራበሌ ሠፈር የምትሠራው ትልቋ። ሌሎቹም የልብና የእሳት ምልክት ደረደሩ። ከትርሲት ዘንድ ግን ቆይቶ አንዲት አጭር ድምፅ ብቻ መጣች።

«እውነቷን ነው» ትላለች።

ፅዮናዊት ስለ ሊድያ ማለቀስ የምታወራ መሰላት። ለመጠየቅ እቴ፣ ምን ጊዜ አላት? የሚቀጥለውን ምዕራፍ ገልጣ ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እህቶቹ እንደ ልማዳቸው ከየውብዳር ሱቅ ጀርባ ካለችው ጠባብ ግቢ ተሰበሰቡ። ነጠላቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውን ጥለው፣ የምስር ወጡን ከበቡት። ሳምንቱን ሙሉ በሹክሹክታ የከረመ አፍ ዓርብ ሲፈታ ጩኸቱ ለሠፈሩ ይተርፋል።

«እኔስ ያቺ ሊድያ!» አለች ዓለምነሽ ጉርሻዋን እንደያዘች። «እኔስ አንጀቴን ነው ያራሰችው! ስታለቅስ ስታለቅስ ቆይታ ብድግ ብላ ምን አለች? ‹ቻርጅ የማይዝ ስልክ ነው! ባሕር ነው መወርወር!›»

«‹ዓሣ ይደውልለት!›» አሉ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ፣ እንደ መዝሙር ተቀባይ።

«ሴት ማለት እንዲህ ናት! ደራሲው አፉ ቁርጥ ይበልልኝ!»

ፅዮናዊት በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። አፍዋ እስከ ጆሮዋ ተከፈተ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ደራሲው?

«እኔንም ያስቆረጠችኝ እሷ ናት» አለች ትርሲት ዝግ ብላ። እስካሁን ምስሩን በእንጀራው ከወዲያ ወዲህ ስትገፋ ነበር። «ይህን ያህል ቀን እሺ ልበል እንቢ ልበል ስብሰለሰል ከረምኩ። ትናንት እሷን ስሰማ ያ ያመጣልኝ መጽሐፍ ራሱ የፈረደበት መሰለኝ። ጠዋት ከቅዳሴ በፊት በድምፅ ላክሁለት። ‹ሊድያ እንዳለችው አንተም ቻርጅ የማይዝ ስልክ ነህ፤ ሽማግሌ አትላክ› አልኩት። ስልኬንም ዘጋሁት።»

ምስሩ ፅዮናዊትን ትን አላት። እናቷ ጀርባዋን በጥፊ መታቻት። ውኃ ሰጧት። ዐይኗ እንባ አቅርሮ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ በመጨረሻ ቃል ወጣት።

«ሊድያ እኮ... አላለችም።»

«ምኑን?»

«ስልኩን። ዓሣውን። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ሬዲዮ ተሰማ።

«‹እኔ እኮ አውቃለሁ› አላለችም?» አለች ዓለምነሽ።

«እኔ፣ እኔ ነኝ! ሊድያ አይደለችም! እሷ አለቀሰች፣ እንባዋን ጠረገች፣ በቃ። መሐል ላይ ያለው የኔ ነው። ተናድጄ ነዋ! እናንተ ደግሞ የኔ መሆኑ እንዴት አይገባችሁም?»

«በምን ይግባን! እሷም ‹እኔ›፣ አንቺም ‹እኔ›! ድምፁ አንድ!» ዓለምነሽ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «አንቺ ጉድ! እኔ እኮ በሶማሊኛ ተርጉሜ ለማዳሜ ነግሬያለሁ! ማዳሜ ለእህቷ ነግራለች! ዋራበሌ ሙሉ ‹አንዲት ሐበሻ ደራሲ› እያለ ነው!»

ሁሉም ሳቁ፤ ትርሲት ግን አልሳቀችም። ፅዮናዊትን ትኩር ብላ አየቻት፤ የተቆጣች አትመስልም፣ ይልቅ ከእንቅልፍ የነቃች ትመስላለች።

«ታዲያ ሊድያ ምን አደረገች?»

ፅዮናዊት መጽሐፉን አጠገቧ ካለው ነጠላዋ ሥር መዘዘች። «የሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ ይመጣል። ደረጃው ላይ ትይዘዋለች። ‹የት ነበርክ?› ትለዋለች። እሱ መናገር ይጀምራል፣ እሷም ቁጭ ብላ ትሰማለች። ዛሬ ጠዋት ነው እዚያ የደረስኩት።»

«ዛሬ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ነበርሽ» አለች እናቷ።

ፅዮናዊት መጽሐፉን መልሳ ነጠላው ሥር ሸጎጠችው።

«በነጠላ ሥር?! በቅዳሴ ሰዓት?! ወይኔ ልጄን!» የውብዳር አማተበች። «ቆይ፣ አንቺን ማታ ነው የማገኝሽ።» ከዚያ ወደ ትርሲት ዞረች። «ለመሆኑ አንቺስ? ሲመለስ ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ፣ እትዬ የውብዳር? ‹ደህና ነህ?› አልኩት። ‹እግዚአብሔር ይመስገን› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹ጾሙ እንዴት ነበር?› አልኩት። ‹እግዚአብሔር ይመስገን› አለኝ።»

«የት ነበርክ አላልሽውም?»

«እሱ ይንገረኝ እንጂ! እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ልጠይቀው?» አለች ትርሲት። ይህን ስትል ግን እጇ ቦርሳዋን እየፈተሸ ነበር። ስልኳን ከፈተች። ደወለች። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ሰሙ። ዝግ ነው።

«ይኸው!» አለች ዓለምነሽ።

«ዝም በይ፣ እትዬ ዓለምነሽ!» ፅዮናዊት ተስፈንጥራ ተነሳች፤ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛብታ አጠለቀች። «ፀሐይ ዘንበል ሲል ነው የሚወጡት፣ ካሚዮኖቹ ገና ከከተማው ጫፍ ፒኬ ዱዝ ቆመዋል! እንደርሳለን! ትርሲትዬ ተነሺ፣ በእናትሽ! በኔ ምላስ አንቺ ቆመሽ አትቀሪም!»

ሙሚን የሚባለው ባለ ታክሲ ከማእዘኑ ጥላ ሥር ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ጉንጩን ወጥሮ ተጋድሞ ነበር። ሴቶቹ በሩን ከፍተው ሲጠቀጠቁበት ብድግ አለ።

«አዴር፣ ወደ ፒኬ ዱዝ! በርር በል!» አለችው ፅዮናዊት በሶማሊኛ፤ አዴር አጎቴ ማለት ነው።

«ማን ታመመ?»

«ማንም። ሠርግ ነው።»

ሙሚን በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ላብ፣ ነጠላ፣ ምስር የነካ ጣት። «ሙሽራው የታል?»

«እሱን ነው የምናሳድደው።»

ሙሚን እስኪያስለው ሳቀ፤ ከዚያ እንደ እውነተኛ አጎት ነዳጁን ረገጠው። በባልባላ ሠፈር በኩል ሽቅብ ሲወጡ ትኩሱ ነፋስ በመስኮቱ እየገባ ፊታቸውን ገረፋቸው። ዋራበሌ ጋ ሲደርሱ ዓለምነሽ የማዳሟ ዘመዶች እንዳያዩዋት ጎንበስ አለች። ትርሲት የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ ደግሞ ትጠመጥማለች። ፅዮናዊት አጠገቧ ሆና፣ እግዚአብሔር ሆይ ብቻ እንድረስ፣ ከእንግዲህ ቅዳሴ ላይ አላነብም፣ ቢያንስ ፍቅር አላነብም እያለች ስለት ትሳል ነበር።

ካሚዮኖቹ አሉ! ረድፍ ሠርተው፣ አቧራ ለብሰው ቆመዋል። አንዳንዱ ሞተሩን አስነስቷል። ሴቶቹ በመሐላቸው እየሮጡ ታርጋ ሲያዩ፣ ሹፌሮቹ ከጥላቸው ቀና እያሉ ያፏጩላቸዋል። እንድሪያስን ያገኙት ከተሳቢው ላይ ቆሞ የሸራውን ገመድ ሲያጠብቅ ነው። አያቸው። ገመዱን ለቀቀና ቀስ ብሎ ወረደ።

«ስልክህ ዝግ ነው!» ጮኸች ፅዮናዊት፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ጋቢና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው» አለ። ዐይኑ ግን ትርሲት ላይ ነበር። «መልእክትሽ ደርሶኛል። እንቢታውን ሰምቻለሁ፤ መብትሽ ነው። ግን ሊድያ እንዲህ አላለችም። መጽሐፉን ሳልሰጥሽ በፊት ጋላፊ ኬላ ሰልፍ ላይ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ዓሣ የሚባል ነገር የለበትም።»

ሁሉም አንገት ወደ ፅዮናዊት ዞረ። ፅዮናዊት መጽሐፉን ፊቷ ላይ አደረገችው።

«አንቺ ነሽ?» አለ እንድሪያስ።

«እኔ ነኝ» አለ መጽሐፉ።

«ጥሩ አባባል ነው። ለኔ ባይሆን ኖሮ እስቅ ነበር።»

ትርሲት አንድ እርምጃ ቀረበች። «እንድሪያስ» አለች። «ጾሙን ሙሉ የት ነበርክ?»

እንድሪያስ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አራገፈው።

«አፋር፣ ሎጊያ ክሊኒክ። ወባ ጥሎኝ። አልጋ ላይ ሆኜ ራሴን እንኳ አላውቅም ነበር። የሰቀልኳትን ጃኬት፣ ስልኬ ኪሷ ውስጥ እንዳለ፣ አንዱ ይዟት ሄደ። ቁጥርሽ ስልኩ ውስጥ ነበር እንጂ ራሴ ውስጥ አልነበረም። ከማን ልጠይቅ? እንደተነሳሁ የመጀመሪያውን ጭነት ይዤ መጣሁ።»

«የክሊኒኩ ስም ማን ይባላል?» አለች ፅዮናዊት።

«አንቺ ዝም በይ» አለቻት ትርሲት ዞር ሳትል። «አሁን የኔ ተራ ነው። ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ‹ደህና ነህ?› አልሽኝ። ሰው ሞቶ ቢነሳ እንኳ ለዚህ ጥያቄ ሌላ ምን መልስ አለው? ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ነው እንጂ።» ቆቡን መልሶ አጠለቀ። «አሁን ግን ቁጥርሽን ይዤዋለሁ።» ዐይኑን ጨፈነና እንደ ዳዊት ደጋሚ ዲያቆን ቁጥሯን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወጣው። ሳይሳሳት። ከዚያ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሊመልሰው ሲል ትርሲት ሳቀች።

ስትስቅ ዐይኗ ወገቡ ላይ አረፈ። ቀበቶው ላይ፣ ከድሮዎቹ ቀዳዳዎች ራቅ ብሎ፣ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። ፅዮናዊትም አየችው። ለክሊኒኩ ስም ያላት ጉጉት በዚያው ጠፋ።

«አባቴ በሥራ ቀን ቤት አይገኝም» አለች ትርሲት መሬት መሬት እያየች። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን የትም አይሄድም።»

እንድሪያስ ግራ ተጋባ። «እና?»

«አንተ ሰውዬ!» ጮኸች ዓለምነሽ። «ሽማግሌዎቹን እሁድ ላክ ማለቷ ነዋ! ይሄም ማብራሪያ ይፈልጋል?» ደረቷን ነፍታ እልልታውን ለቀቀችው። ሌሎቹ ተቀበሏት። ከረድፉ ጫፍ አንዱ ሹፌር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሌላው ተከተለው፤ ፒኬ ዱዝ በካሚዮን ጥሩምባ ተናወጠ። ፅዮናዊት መጽሐፉን ይዛ እዚያው አቧራው ላይ ዘለለች። ጃኬት የለ፣ ዝናብ የለ፣ ሦስተኛ ፎቅ የለ! ግን ልቧ እንደ ሊድያ ሊቀልጥ ምንም አልቀረው።

ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ትርሲት በመስኮቱ ወደ ኋላ አየች፤ የእንድሪያስ ካሚዮን ከአቧራው ጋር እስኪቀላቀል ድረስ። ከዚያ ፅዮናዊትን በክርንዋ ጎሸም አደረገቻት።

«በይ መጨረሻውን አንብቢ። ግን ስሚ፤ የራስሽን ስትናገሪ በቅድሚያ አጨብጭቢ። እንድንለይ።»

«እሺ። ‹ዮሳዲቅ በሩን ከፈተና ቆመ።›» ጠብ! አጨበጨበች። «ጅል! ምን ይገትረዋል!» «‹ከኋላው መስኮቱ ላይ መብራት ነበር።›» ጠብ! ጠብ! «በራ! ያ መስኮት በራ!» «‹እጁን ዘረጋልኝ።›» ጠብ! ጠብ! ጠብ!

አማርኛ የማይሰማው ሙሚን ጭብጨባውን የሠርግ ነው ብሎ መሪውን በመዳፉ እየደለቀ ገባበት። ዓለምነሽ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ዋራበሌን ሲያልፉ ጎንበስ ማለቱንም ረሳችው። በየደጁ የተቀመጡት ሰዎች ሙሽራዋን ፍለጋ አንገታቸውን ወደ ታክሲው ያሰግጋሉ።

የቀረው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ፅዮናዊት ልትገልጠው ስትል ትርሲት ራሷ አንዴ አጨበጨበች።

«ይሄ የኔ ነው» አለች። «ቀስ ብለሽ አንብቢ። እንዳያልቅ።»